ጀልባዋ ከሾላ ሥር የታሰረችበት ጾም

የካቲት 18

የሥራ ሸሪኬ ዓብደላ ትናንት አመሻሽ ላይ እኔን ዳርቻ አቁሞ ጀልባችንን አወጣ። የተደረገብኝ በደል ይህ ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

እስከ ሃያ ሦስት ድረስ መረብ አይጣልም ብዬ ነበር። ለእሱም ለልጄ ለምናሴም ነግሬያለሁ። ሁለቱም «እሺ» ብለዋል። መረብ ልጠግን ስወርድ ጀልባዋ የለችም። ቀና ብል ከደንገሉ ወዲያ ወጥታለች፤ ዓብደላ ከሞተሩ ዘንድ፣ ምናሴ ከፊት። ዓብደላ እጁን አነሣልኝ፤ ለመንገደኛ እንደሚነሣ። ምናሴ ጭራሽ አልዞረም።

ዛሬ ጠዋት ሲመለሱ ጀልባዋ እስከ አፏ በቀረሶ ተሞልታለች። ጾም ገና መግባቱ ስለሆነ ገዢው ዳርቻውን ሞልቶታል። የዓብደላ ሚስት ኡሙሰልማ ዓሣውን እየተቀበለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ጋሽ ዳኘው፣ ዓሣዎቹ የእርስዎን ሒሳብ አልተማሩም መሰለኝ!» አለች። ሰዉ ሳቀ። ምናሴም ሳቀ፤ አይቼዋለሁ።

ሒሳቡ ይህ ነው፤ አንድ ቀን የሚያነበው ካለ ይረዳልኝ። ዓሣ በጨረቃ ብርሃን መረቡን አይቶ ይሸሻል፤ በጨለማ ይገባል። ይህን በባሕሩ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ የጨመርሁበት ባሕረ ሐሳብን ነው። ቤተ ክርስቲያን ጾምና በዓል የምታወጣበትን፣ የጨረቃዋም ዕድሜ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያለ አስተማሪ፣ ከመጽሐፍ ለብቻዬ ተማርሁት። ቁጥሩ ሰማይ ላይ ከምትታየው ጨረቃ አራት አምስት ቀን ይዘገያል። ሰዎች ይህን ስሕተት ይሉታል። ስሕተት አይደለም። ማቅለሚያ ክፍል ስሠራ እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ገንዳው እስኪሞቅ ብዙ ይቆይ ነበር። ሰማዩ እሳቱ ነው፣ ባሕሩ ገንዳው ነው። የሰማዩን ጨረቃ ውኃው ዘግይቶ ይሰማል። ቁጥሩ የውኃውን ጨረቃ ነው የሚናገር።

በቁጥሩ ጨለማው ከሃያ ሦስት በኋላ ነው። ትናንት ዓሣ ቢገባ አጋጣሚ ነው።

የካቲት 19

ጀልባዋን አሰርኋት።

አካሏ የእኔ ነው፤ ከዋንዛ ሳንቃ በእጄ የሠራኋት፣ ስንጥቋን በፋብሪካ ውዳቂ ጥጥና በሬንጅ የደፈንሁት። ሞተሩ የዓብደላ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ነው እስከ ዛሬ የሠራነው። ዛሬ ተሸካሚዎች ይዤ ወርጄ ከውኃው አስወጣኋት፣ እስከ ሾላው ዛፍ አስጎተትኋት፣ በሰንሰለት አስሬ ቆለፍሁባት።

ዓብደላ ቆሞ ያያል።

«ዳኘው፣ ጀልባ ናት እኮ። በሬ አይደለችም። ወዴት ታመልጣለች?»

«ከትናንት ወዲያ አምልጣለች» አልሁት።

ሞተሩን ፈታና ትከሻው ላይ አደረገ። «እንግዲህ አንተ በእንጨትህ ተንሳፈፍ፣ እኔ በሞተሬ ልዋኝ» ብሎ ሄደ። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ይህ ሰው ሲያዝን ነው የሚቀልድ። ዛሬም ያዘነ ይመስላል። ይዘን።

የካቲት 20

ምናሴ ከምሳ በኋላ መጣ። ቁጭ አላለም።

«አባባ፣ ይህ ጾም ካለፈን ቦታችንን ሌላ ይይዘዋል። ገዢ እንደሁ የለመደው ዘንድ ነው የሚሄድ። እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እስከ ደብረ ዘይት በዓል እጠብቃለሁ። እስከዚያ ካልተፈታች መሸንቲ ወርጄ የሰው ባጃጅ እነዳለሁ። ባሕር በቃኝ።»

«ሂድ» አልሁት።

ወጣ። ቃሉ ቶሎ ወጣብኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ መረብ ያስጨበጥሁት እኔ ነኝ። ሌላው ልጄ አዲስ አበባ ቀርቷል፤ የባሕሩን ሥራ የሚይዝልኝ ይህ ብቻ ነው። ቢሆንም ወጥቷል፤ የወጣ ቃል አልለቅምም።

ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ከጓዳ ሁሉንም ሰምታለች። «ሰው ከሰው ይጣላል። አንተ ከእንጨት ተጣልተህ አሰርኸው» አለች።

የካቲት 22

ትናንት ማታ እነ ዓብደላ ጨረቃ ሊያዩ ዳርቻ ወጥተው ነበር። አንዱ አየሁ ይላል፣ ሌላው ደመና ነው ይላል። ኋላ በስልክ ወሬው መጣና ረመዷን ዛሬ ገባ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾም ገጥሟል።

ዛሬ አመሻሽ ቴርሞሜትሬን ይዤ ወረድሁ። ከማቅለሚያ ክፍል ስወጣ የሰጡኝ ነው፤ ለገንዳ የተሠራ፣ ነሐስ የለበሰ። በገመድ አስሬ ውኃ ውስጥ እሰደዋለሁ። ላዩ ሞቅ ብሏል፣ ታቹ ገና ቀዝቃዛ ነው።

ፀሐይ በጠለቀችበት በኩል ቀጭን ጨረቃ ወጥታ ነበር፤ እንደ ጥፍር። ሕፃናቱ ጮኹ። እኔም አየኋት። በቁጥሩ ገና የአሮጌዋ ጨረቃ መጨረሻ ላይ ነን።

ሰማዩ ለራሱ፣ ውኃው ለራሱ።

ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ጾሞቹ በገጠሙ ዘመን እኔ በዘጠኝ ሰዓት መብላት ስችል ዓብደላ እስኪያፈጥር እጠብቀው ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በላሁ። ምግቡ አልጣመኝም፤ ፀሐይወርቅ ጨው አሳንሳበት ይሆናል።

የካቲት 23

ነፋስ።

ጀልባዋን አየኋት። የታችኛው ሳንቃ ርሷል። ጉዳዩ ግልጽ ነው። ከቀትር በኋላ የሰሜኑ ነፋስ ባሕሩን ወደ እኛ ይገፋዋል፤ በወዲያ ዳር ጎድሎ በእኛ ዳር ይሞላል። ባሕራችን እንደ ትልቁ ባሕር በጨረቃ ስበት አይነሣም አይወድቅም፤ ነፋሱ ነው የሚያነሣው። ይኸው እስከ ሾላው ደርሷል። ጥሩ ነው። እንጨት በየካቲት ፀሐይ ከደረቀ ሳንቃው እርስ በርሱ ይሸሻል፣ ድፍኑ ይወድቃል። ይህን ሳስራት አላሰብሁትም ነበር።

አሁን ባሕሩ ራሱ ይጠብቅልኛል።

የካቲት 25

ዘጌ ደርሼ መጣሁ። መሪጌታ መርስዔ ኀዘን የድሮ ወዳጄ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራል። ቁጥሬን በሙሉ ዘርዝሬ አሳየሁት። ጣቱን እያስኬደ አነበበው፤ አንድም ስሕተት አላወጣበትም።

«ልክ ነው» አለ። «ለመሆኑ ምን ልታወጣበት ነው?»

«መረብ የሚጣልበትን ቀን።»

ሳቁ እስከ ቡናው ጫካ ተሰማ። «ወንድሜ ዳኘው! አባቶች ይህን የደከሙበት ፋሲካ እንዳይፋለስ ነው። ቁጥሩ ለበዓል ነው። ለቀረሶ ደግሞ ጾም ማን አወጣለት?»

«ጨረቃ ጨረቃ ናት» አልሁት።

«ናት እንጂ። እሷን ስትፈልግ ግን ከቤት ወጥተህ ቀና በል። አንገትህ ይታጠፍ የለም?»

ስሰናበት የዘጌ ሎሚ በከረጢት ሞልቶ ሰጠኝ። በሕዝብ ጀልባው ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስለ ገንዳውና ስለ እሳቱ ልነግረው ይገባኝ እንደነበር አስብ ነበር። አልነገርሁትም። ለምን እንዳልነገርሁት አላውቅም። እሱ ቅኔ ያውቃል፣ ዓሣ አያውቅም።

የካቲት 28

ትናንት በቁጥሩ ጨለማ ነበር። የሰው ታንኳ ለምኜ አጭር መረብ ከደንገሉ ጥግ ለብቻዬ ጣልሁ። የታንኳው ባለቤት ጨረቃዋን እያየ፣ «አባት፣ ዛሬ መብራት በርቶልዎት ነው የሚሠሩ» አለኝ። ሰማይ ላይ ግማሽ ጨረቃ ቆማለች።

ጠዋት ሳብሁት። ሁለት ሦስት ቀረሶ፣ አንድ የቀጠነ አምባዛ። አንድ ሸርጣን ደግሞ መረቡን አበላሽቶታል።

ውኃው ቀዝቅዞ ነው። ሌሊቱን ነፋስ ላዩን ከታቹ ደባልቆታል። ቴርሞሜትሩን አይቻለሁ፤ ከሰሞኑ ወርዷል። ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው።

ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው ብዬ ለፀሐይወርቅም ነገርኋት። «እሺ» አለች። ይህች ሴት «እሺ» ስትል ደስ አይለኝም።

መጋቢት 2

ሳንቃው ዛሬም ርጥብ። ወደ ላይኛውም ደርሷል። ነፋሱ ግን ትናንት ደካማ ነበር።

ባሕሩ ምን ያህል እንደሚነሣ ለማወቅ ከውኃው አፍ እስከ ሾላው ችካል ተከልሁ።

መጋቢት 4

ውኃው ከመጀመሪያው ችካል አላለፈም። ሳንቃው ርጥብ ነው።

ጤዛ ይሆናል።

መጋቢት 6

ትናንት ሙሉ ጨረቃ ወጣች። በቁጥሩ ገና አልሞላችም። ደጅ ወንበር አውጥቼ ብዙ አየኋት። ዛፉም፣ አጥሩም፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ሁሉ ይታያል። በዚህ ብርሃን መረብ የማያይ ዓሣ ዕውር መሆን አለበት። ውኃው ከአራት ቀን በኋላ የሚሰማው ምኑ ነው? ዓሣው ዓይኑ ያለው አሁን ነው።

ይህን እንደ ጥያቄ ጻፍሁት። መልስ አይደለም።

ምናሴ መሸንቲ ሄዶ ባጃጁን አይቷል አሉኝ። ለእኔ አልነገረኝም። በሰፈራችን በሹም አቦ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ባለ ሱቁ ነው የነገረኝ፤ «ልጅዎ ሊሄድብዎ ነው?» ብሎ። «ይሂድ» አልሁ። ስኳሩን ሳልቀበል ወጣሁ፤ ተመልሼ ወሰድሁ።

መጋቢት 8

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ዛሬ ነፋስ የለም። ጤዛም ቢሆን እስከ ቀትር አይቆይም። ስለዚህ በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ወረድሁ። ከዓሣ ማድረቂያው ወዲህ ማዶ ቆምሁ።

ዓብደላ ጀሪካን ተሸክሞ ከባሕሩ መጣ። ጀልባዋን ጆንያ አልብሷታል። በጆንያው ላይ ውኃውን በቀስታ አፈሰሰ፣ እጁን በስንጥቁ ላይ አስኬደ፣ ደግሞ ወረደ። ደግሞ መጣ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሽማግሌ ነው፤ ከእኔ ብዙ አያንስም። በዚያ ፀሐይ ውኃ ይሸከማል፣ አንዲት ጉንጭ አይጠጣም። ጆንያውን ከእኔ ለመሰወር ማታ ያነሣው ኖሯል።

ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«አጠጣታለሁ።»

«ማን አዘዘህ?»

«አንተማ አይደለህም።» ጀሪካኑን አስቀመጠ። «ሳንቃዋ መሸሽ ጀምሮ ነበር። ያን ሁሉ ጥጥ የደፈንነው አብረን ነው። አንተ ተቆጥተህ ነው፤ እሷ ምን አደረገች?»

«ሰንሰለቱን ብትቆርጥ ይቀልልህ ነበር።»

«የሰው ቁልፍ አልቆርጥም። አንድ ጊዜ ያልጠየቅሁት ይበቃኛል።» ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ «ዳኘው፣ የዚያን ዕለት ጥዬህ መውጣቴ ጥፋት ነው። ብነግርህ ትከለክለኛለህ ብዬ ነው» አለ።

«እከለክልህ ነበር።»

«አየህ?»

«ቢሆንም ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ይገባኝ ነበር።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ እጁ ላይ አልሰጠሁትም፤ ጆንያው ላይ ጣልሁት። እሱ አነሣው። ጀሪካኑን እኔ አነሣሁ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተፈራርቀን አጠጣናት። በዘጠኝ ሰዓት አልበላሁም።

መጋቢት 9

ጥጥ። ሬንጅ። እጄ አልነጻም። አመሻሹን ገፍተን ባሕር ውስጥ ከተትናት፤ ውኃ ገባባት፤ ይግባባት፤ እንጨቱ ሲጠጣ ራሱ ይዘጋል።

ኡሙሰልማ ከሩቅ፣ «ሁለት ሽማግሌ አንድ ጀልባ ሊያጠምቁ ነው!» ብላ ጮኸች። ዓብደላ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዙሬ ነበር፤ ማንም ያየኝ የለም።

መጋቢት 12

ጀልባዋ ውስጧ ደርቆ ቆመች፤ አንድ ጠብታ አታስገባም። ዓብደላ ሞተሩን አመጣ። ምናሴን ማን እንደጠራው አላውቅም፤ ፀሐይወርቅ ትመስለኛለች። መረቡን በትከሻው ይዞ መጣ፣ «እንደምን ዋሉ አባባ» አለ፣ ከፊት ገብቶ ተቀመጠ። ከነገ ወዲያ ደብረ ዘይት ነው። ስለ ባጃጁ አልጠየቅሁትም።

ሞተሩን ገጠምን፣ መረቡን አስተካከልን። በመጨረሻ ዓብደላ፣ «እንግዲህ ዳኘው፣ ቁጥሩ ዛሬ ምን ይላል?» አለ። ምናሴ ጫማውን ያያል።

ቁጥሩ የሚለውን አውቃለሁ። ጨረቃዋ ሞልታ ገና መጉደል መጀመሯ ነው ይላል፤ መረብ አይጣልም ይላል። ሰማዩ ግን ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ጨለማ እንደሚሆን ሰሞኑን ሁሉ ደጅ ወጥቼ አይቻለሁ።

ቴርሞሜትሩን በገመዱ ሰደድሁ። ቆይቼ አወጣሁ። ነፋሱ ከሰሞኑ የሞቀውን የላይ ውኃ ወደ እኛ ዳር ገፍቶታል፤ በደንገሉ ጥግ ከወትሮው ሞቋል።

«ውኃው ሞቋል» አልሁ። «ቀረሶ ሙቀት ይከተላል። በደንገሉ ጥግ፣ ጠለቅ ሳንል እንጣል።»

«ቁጥሩስ?» አለ ምናሴ።

«ውኃው ሲሞቅ ቁጥሩ ለሙቀቱ ይለቃል። ይህ ደንብ ነው።»

«ደንቡ መቼ ወጣ?»

«አሁን። ቅዘፍ።»

ዓብደላ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ሁለት ጊዜ አሳለው። ሳቅ ነው ወይስ አቧራ አላጣራሁም።

መጋቢት 13

ሳብነው። ጀልባዋ እስከ አፏ አልሞላችም፤ ዓሣው ግን ግማሿን አልፏል። የሰባ ቀረሶ፣ ለገበያ የሚያኮራ። ከደንገሉ ጥግ በጣም የተቃረበው የመረቡ ጫፍ የበለጠ ያዘ። የት እንደሚጣል በሚለው ልክ ነበርሁ።

መቼ እንደሚጣል በሚለውም ትናንት የተናገርሁት እኔው ነኝ።

ምናሴ ዓሣውን ሲያወርድ ለኡሙሰልማ፣ «የመሸንቲው ሰውዬ ባጃጁን ለሌላ ይስጠው፤ እኔ መረብ ላይ ነኝ» ሲል ሰማሁ። ለእኔ አልነገረኝም። ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል።

መጋቢት 17

ሥራ በዛ። ጠዋት መሳብ፣ ቀትር መጠገን፣ አመሻሽ መጣል። ጨለማው በየቀኑ ይረዝማል። ዓሣውም ይበዛል።

ከጀልባ ሳልወርድ ዓብደላ እስኪያፈጥር ጠበቅሁት። ቴምር ሰጠኝ። እኔ ከዘጌ የመጣውን ሎሚ ጨመቅሁለት። «ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ አፍህን ግን ያሳጥርልኝ» አለ። «አሜን» አልሁ፤ ለመጀመሪያው ብቻ።

አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። በየምሽቱ ጨረቃዋ የወጣችበትንና የጠለቀችበትን በዓይኔ አይቼ እጽፋለሁ፤ የውኃውን ሙቀት ከጎኗ። ባሕረ ሐሳቡን አልጣልሁትም፤ ፋሲካን በእሱ አወጣለሁ።

መጋቢት 21

ዒድ ነው። እሑድም ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ ከፀሐይወርቅ ጋር ወደ ዓብደላ ቤት ሄድን። ኡሙሰልማ ለእኛ የጾም ድስት ለብቻ ጥዳለች፤ ምስር፣ ጎመን፣ ቃሪያውን ለእኔ እንደምወደው አብዝታ። በጾም ዓሣ እንደማልበላ ታውቃለች፤ በየዓመቱ ግን «ትንሽ ቀረሶ ላምጣልዎ?» ትላለች። ዘንድሮም አለች።

ሰው እየገባ እየወጣ ነው። ምናሴም ነበር። ዳርቻው ላይ አዲስ የመጣ አንድ መረብ ጣይ ተቀምጦ፣ «ለመሆኑ ያች ጀልባ ሾላው ሥር ለምን ታስራ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ኡሙሰልማ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁት ቀልድ አልነበረም፤ ይቅርታ ልትል ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደሳቀችብኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ጋሽ ዳኘው፣ የዚያን ጠዋት እኔ…» አለች።

«የትኛውን ጠዋት?» አልኋት።

ዓብደላ አየኝ። አየሁት። እጁን ወደ ሰውዬው አዙሮ፣ «እንጨቷ ደክሟት ነበር፤ ጥላ ሥር አሳረፍናት» አለው። ሰውዬው አመነ። ኡሙሰልማ ቁጭ አለችና ምስሩን ጨመረችልኝ፤ አልከለከልኋትም።

ስንወጣ ምናሴ በመንገድ ላይ፣ «አባባ፣ እኔም ያን ዕለት ሳልዞር መሄዴ…» ብሎ ጀመረ።

«መረቡን ጠግነሃል?» አልሁት።

«ጠግኛለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ በዐሥራ አንድ ሰዓት እንወጣለን። ጨለማ ነው።»

ስለዚያ ነገር ዓብደላም ቢያነሣ፣ ፀሐይወርቅም ብታነሣ፣ መሪጌታም ከዘጌ ተሻግሮ ቢጠይቀኝ፣ ከእንግዲህ አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም። እዚህም አልጽፈውም።